ስለ ሒሳብ ልምምድ አከፋፈል

ፊደል ያልለየ ልጅ ዳዊት ሊደግም አይችልም፤ አቡጊዳውን ዘልሎ ወደ ንባብ ቢቸኵልም ኋላ ተመልሶ መማሩ አይቀርለትም። የሒሳብም ትምህርት እንደዚሁ ነው፤ የታችኛው ሳይጸና የላይኛው አይቆምም።

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው በቦረና ደጋ የሚኖር ተማሪ ይህን አጥብቆ ሊያስብበት ይገባዋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው ደጃፉ ለአገሩ ልጅ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያገባው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለዚህ ፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም ከመቶ 3.3 ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በአማራ ክልል በጦርነት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ስለ ተዘጉ፥ የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ ሳይጨርስ ወደ ላይ የወጣ ተማሪ አለ። የጎደለውም ካልተፈለገ አይገኝም።

ስለዚህ ልምምድ የሚጀመረው ጉድለትን ከማወቅ ነው። ተማሪው ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት ወስዶ፥ ሰዓት ቈጥሮ፥ ያለ ረዳትና ያለ ሒሳብ ማስያ ይሥራ። ከታረመለት በኋላ ስሕተቱን በደብተር ጽፎ በሦስት ወገን ይክፈለው፤ አንደኛው ትምህርቱን ባለማወቅ፥ ሁለተኛው እያወቀ በስሌት በመሳት፥ ሦስተኛው ጊዜ በማጠሩ የመጣ ነው። ለአንደኛው መድኃኒቱ ወደ ታችኛው ክፍል መጽሐፍ መመለስ፥ ለሁለተኛው መልሱን መመርመር፥ ለሦስተኛው ከባዱን ምልክት አድርጎ ቀላሉን ማስቀደም ነው።

ለምሳሌ 3(ሀ − 4) = 2ሀ + 5 ቢባል፥ አንዱ ተማሪ ሦስቱን በአራቱ ማባዛት ይረሳና ሀ 9 ነው ይላል። ዘጠኙን በስፍራው ቢያገባው ግን በአንዱ ወገን 15፥ በሌላው 23 ይሆንበታል። እውነተኛው መልስ 17 ነው፤ በሁለቱም ወገን 39 ይሰጣልና። ከአራቱ ምርጫዎች መካከል 9 ተጽፎ ቢገኝ አያስደንቅም፤ የተለመደ ስሕተት ከምርጫ ውስጥ ይገባልና። ስለዚህ መልሱ በምርጫው ውስጥ መገኘቱ ብቻ አያሳምን።

ሳምንቱንም እንዲህ ይክፈል። ሰኞ፥ ረቡዕና ዓርብ አንድ አንድ ሰዓት ይመድብ፤ 10 ደቂቃ ያለፈውን ስሕተት እንደገና ለመሥራት፥ 40 ደቂቃ ለአንድ ምዕራፍ፥ 10 ደቂቃ ለማረም ይሁን። በየሁለት ሳምንቱም ቅዳሜ አንድ ሙሉ ፈተና ይሥራ። ይህ በ12 ሳምንት 36 ሰዓትና 6 ፈተና ይሆናል። ያንኑ 36 ሰዓት በመጨረሻው ሳምንት ልከምረው ቢል ግን አይጠቅመውም፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ቅጸላ የተሠራው፥ የተማሩት ካልተደጋገመ ስለሚጠፋ ነው።

መምህሩ የስሕተቱን ደብተር በየሳምንቱ ይመልከት፤ ብዙ ልጆች በአንድ ነገር ከሳቱ ያንን እንደገና ያስተምር። ወላጅም የእርሻ ሥራ ቢበዛ እንኳ የሦስቱን ቀን ሰዓት ለልጁ ይተውለት። አንድ ሰዓት የበሬ ሥራ አያስፈታም፤ ለልጁ ግን የተዘጋውን ዓመት ጥቂት በጥቂት ይመልስለታል።