ክብ ወይስ ካሬ ቱቦላሬ? ለሻንሲ የሚያዋጣው የቱ ነው?

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚዘልቀው መንገድ ላይ በምትገኘው ንፋስ መውጫ፣ ተጎታችም ሆነ አነስተኛ መኪና በብየዳ ቤት ለማሠራት የሚነሳ ሰው ሻንሲው ከክብ ወይስ ከካሬ ቱቦላሬ ይሠራ የሚለውን አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል። ጥያቄው የሙያ ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። የቱቦላሬ ጥሬ ዕቃ የሆነው ጥቅል ላሜራ ከውጭ ስለሚገባ፣ የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የታየው የብር መዳከም በእያንዳንዱ ኪሎ ብረት ላይ ያርፋል።

ሁለቱም ጎናቸው 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረታቸው 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ካሬው በክብደት ከክቡ 27 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ ጭነት ተሸክሞ ላለመጉበጥ ያለው ጽናት ግን በ70 በመቶ ይበልጣል። በመሆኑም ቦታው ጠባብ ከሆነ ካሬው ያዋጣል።

ይሁን እንጂ ነጋዴው ሒሳቡን በኪሎ ሲያደርገው ውጤቱ ይለወጣል። የ40 ሚሊ ሜትሩን ካሬ ያህል የሚመዝን ባለ 2 ሚሊ ሜትር ክብ ቱቦላሬ ወርዱ 50 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ክብ ላለመጉበጥ ከካሬው በ20 በመቶ፣ ላለመጠምዘዝ ደግሞ በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሻንሲውን የሚፈትነው ይኸው መጠምዘዝ ነው።

ክቡን የሚያስወድደው የእጅ ዋጋው ነው። ክብ ከክብ ጋር ሲገጠም የአንዱ ጫፍ የሌላውን ገላ አቅፎ እንዲቀመጥ እንደ ግማሽ ጨረቃ መቆረጥ አለበት። ክፍተቱን በኤሌክትሮድ መሙላት ብየዳውን ያደክመዋል። ካሬው ግን ቀጥ ተብሎ ይቆረጣል፤ የወለል ላሜራም በቀላሉ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የእንግሊዙ ሎተስ ሰቨን መኪና ሻንሲም ሁለቱን ዓይነት አቀላቅሎ የተሠራ ነበር።

ለተራ ብየዳ ቤት የሚበጀውም ይኸው ነው፤ ረጃጅሞቹ የጎን ብረቶች ካሬ፣ ሁለቱን የሚያያይዙት አግዳሚዎች ክብ ቢሆኑ። በክብ ቱቦላሬ ፋንታ ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ መጠቀም ግን አይመከርም፤ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁ ጤና ጎጂ ነው።

ገዥ ከመክፈሉ በፊት ሚዛን ይጠይቅ። ባለ 6 ሜትሩ የ40 በ40 ካሬ ውፍረቱ በእርግጥ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 14 ኪሎ ያህል ይመዝናል። 11 ኪሎ ከሆነ የተሸጠለት ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዘንግ ቆጥሮ የሚገዛ ይህን ልዩነት አያየውም፤ ተጎታቹ ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ይታያል።