ስለ ሸመገለ ሠራተኛና ስለ አሠሪው

በቀወት ወረዳ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፥ ሽንኩርትና ማሾ ማሽላም በሚዘራበት በይፋት ቆላ፥ የሠራተኛን ጠባይ መርምሮ ለማየት የፈለገ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሥራ በበዛ ጊዜ ከደጋው ወጣቶች ለቀን ሥራ ይወርዳሉ፤ በየእርሻውም ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሽማግሎች ይገኛሉ። እኛም ሁለቱን አስተያይተን ያስተዋልነው ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች ይጠቅማል ብለን ይህን ጻፍን።

ወጣቱ ከአሠሪው የሚጠብቀው በእጁ የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ገና ቤት መሥራትና ሚስት ማግባት አለበትና፥ ጎረቤት ጥቂት ብር ቢጨምርለት ነገ ይሄዳል፤ ይህም እንደ ክዳት ተቈጥሮ ሊነቀፍበት አይገባም። ሽማግሌው ግን አይሄድም። መስኖው የሚሰበርበትን ስፍራ፥ የከብቱን ጠባይ፥ የልጆቹን ስም ያውቃልና ቤቱን እንደ ራሱ ያየዋል፤ ደግሞም ጉልበቱ ሲደክም ሌላ ደጅ እንደማይከፈትለት ያውቃል። እንግዲህ ታማኝነቱ ከሁለት ምንጭ ይቀዳል፤ አንዱ ፍቅር ሁለተኛውም ፍርሃት ነው። ሁሉንም ፍቅር ነው የሚል አሠሪ ይሳሳታል።

በዚሁ ቆላ አንድ የእርሻ ዘበኛ ዓይናቸው ስለ ደከመ እንዲሰናበቱ በተነገራቸው ጊዜ ማመልከቻ ሊያስጽፉ ወደ እኛ መጡ። ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቁ ብንጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ገንዘቡንስ ተወው፤ ‹በታማኝነት አገልግሎኛል› የሚል ቃል ከጌታዬ አፍ ይውጣልኝ» አሉን። እኛም ብዕራችንን ይዘን ዝም አልን፤ ለዚህ ዓይነቱ ዕዳ በክስ ማመልከቻ ላይ ስፍራ የለውምና። ሆኖም ገንዘቡንም እንዲጠይቁ መከርናቸው፤ ምስጋና ራት አይሆንምና።

ሕጉም ይህን ነገር አስቦበታል። ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ለግል ድርጅት ሠራተኞችም ተዘርግቷል፤ በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 መሠረትም ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ የመውጫውም ዕድሜ 60 ዓመት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን አድርጎ፥ ከዚያ በኋላ ለየሁለት ዓመቱ አገልግሎት አንድ ቀን ይጨምራል። ነገር ግን እነዚህ አዋጆች በሰው መኖሪያ ቤት ለሚያገለግሉት ለሞግዚቲቱና ለወጥ ቤቲቱ አይደርሱላቸውም።

ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ጌታው ራሱ ሕግ ሊሆን ይገባዋል። አገልጋዩ ገና ብርቱ ሳለ የኋላ ዕጣው ምን እንደ ሆነ በምስክር ፊት ይንገረው፤ ሲደክምም ሥራውን ያቅልለት፤ በየወሩም እንደ አዋጁ አምሳል ጥቂት ያስቀምጥለት። ይህን ያላደረገ ሰው ወርቅ ላበደረው ጠጠር መክፈሉ ነው። ወጣቱም ሠራተኛ ሽማግሌው እንዴት እንደ ተሰናበተ ቆሞ ያያል፤ ለመቆየትም ለመሄድም የሚቆርጠው ያን ቀን ነው።