«ሙቀት አውጪ» እና «ሙቀት ሳቢ»

ፈረንሳዊው ኬሚስት ማርሴለን በርተሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሁለቱ የአፀግብሮት ዓይነቶች ስም ሲያወጣ «ውጭ»፣ «ውስጥ» እና «ሙቅ» የሚል ፍቺ ያላቸውን የግሪክ ቃላት አጣምሮ ነበር። ስያሜዎቹን ወደ አማርኛ ስንመልስ ሚዛናችን በክፍል ውስጥ የሚታየው ሠርቶ ማሳያ ሊሆን ይገባል።

መምህሩ በደረቅ ኖራ (ካልሲየም ኦክሳይድ) ላይ ውሃ ሲያፈስ ዕቃው ይግላል፤ ይህ ያለ ጥርጥር «ሙቀት አውጪ» ነው። ውሃ አዘል ባሪየም ሃይድሮክሳይድን ከአሞኒየም ክሎራይድ ጋር ሲያማስል ግን ከዕቃው ሥር የነበረው ውሃ በረዶ ሆኖ ከጣውላው ጋር ያጣብቀዋል። ይህ «አቀዝቃዥ» ቢባል ተማሪው ቅዝቃዜ ከድብልቁ የሚመነጭ ነገር ይመስለዋል፤ የሆነው ግን ድብልቁ ከአካባቢው ሙቀት መውሰዱ ነው። «ሙቀት አስገቢ» ቢባልም አስገቢው ምድጃ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ «ሙቀት ሳቢ» የተሻለ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። «ሙቀት» በተለምዶ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ስለሚሸከም፣ «ድብልቁ ሙቀት ሲስብ ሙቀቱ ወረደ» የሚል ትርጉም እርስ በርሱ ይጋጫል። «የሙቀት መጠን» ማለትም አያድንም፤ መጠን ብዛትን ያመለክታልና። ቴርሞሜትር የሚለካውን «የሙቀት ደረጃ» ብንለው ግን ዐረፍተ ነገሩ ይቃናል፤ ተማሪውም ያየውን በትክክል ይናገራል።