እውነት ወይስ ተረት? ፒዛ በከሰል ምድጃ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር። የፒዛ ሽታ የጎረቤቴን ግቢ አውዶታል። ቤታቸው ኦቨን የለም። ግቢው መሃል አንድ ፈርኔሎ፣ አንድ ብረት ምጣድና አንድ የብረት ክዳን ብቻ ይታያል። ሴትዮዋ እፍኝ የምታህል ፍም በቆርቆሮ አፍሰው ክዳኑ ላይ በተኑና «ድፎ ዳቦም እኮ እንዲሁ ነው» አሉኝ። ስለ ከሰል ፒዛ ከምንሰማው ብዙው ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ተረት፦ ያለ ኦቨን ፒዛ አይሆንም።
እውነት፦ ፒዛ የሚፈልገው ከላይም ከታችም የሚመታ ብርቱ ሙቀት ነው። ሙያቸው በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበላቸው የኔፕልስ ጋጋሪዎች፣ ከ430 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ የእንጨት ምድጃ ፒዛውን በ90 ሴኮንድ ውስጥ ያወጡታል። አብዛኛው የቤት ኦቨን 250 አካባቢ ያቆማል፤ የቀላ ፍም ግን ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። የከሰል ጉድለቱ ሙቀቱ ከታች ብቻ መምጣቱ ነው። ለዚህ ደግሞ ድፎ የሚደፉ እናቶቻችን መላውን ድሮ አግኝተውታል፤ ክዳኑ ላይ ፍም መጫን።

ተረት፦ እሳቱ በነደደ ቁጥር ቶሎ ይበስላል።
እውነት፦ ነበልባል ታቹን ያሳርራል፣ ላዩን ጥሬ ይተዋል። ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ይጠብቁ። የቦካውን ሊጥ አሳስተው ይዳምጡና ባዶውን ምጣዱ ላይ ያሳርፉት። ታቹ ጠንከር ሲል ገልብጠው፣ በበሰለው ፊት ላይ ስጎውን ስስ አድርገው ይቀቡና ይክደኑት። ስጎና አትክልት ከበዛበት ውሃ ያቁራል፣ ሊጡም አይበስልም።

ተረት፦ ያለ ቺዝ ፒዛ የለም፤ ቺዝ ከጠፋም አይብ ይተካዋል።
እውነት፦ ማሪናራ የሚባለው ጥንታዊ የኔፕልስ ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ ቺዝ የለውም። ስለዚህ የጾም ፒዛችን ሙሉ ፒዛ ነው። አይብ ደግሞ አሬራ በእሳት ሞቆ የሚረጋ በመሆኑ ቢያሞቁት አይቀልጥም፣ አይለጠጥም። ከወደዱት ፒዛው ከወረደ በኋላ ይበትኑበት።

ተረት፦ ከሰሉ መጨሱን ካቆመ ቤት ማስገባት ይቻላል።
እውነት፦ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። የቀላ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያስከትላል፣ ራስን ያስታል፣ ይገድላል። የተኛ ሰው ምልክቱ ሳይሰማው ሊሞት ይችላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም።

የክረምት ብርድ ፈርኔሎውን ወደ ውስጥ እንድናስገባ ይፈትነናል። እባክዎ አያስገቡት። ፒዛውን ደጅ ጋግረው፣ ፍሙን እዚያው በውሃ አጥፍተው፣ ወደ ቤት ፒዛውን ብቻ ይዘው ይግቡ።