በሥራ ቦታ የጤና ፕሮግራም ሲጀመር ከምርመራው በፊት ምን ይቅደም?

ክብረ መንግሥት ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስታውሰው ወርቅ ነው። እውነትም የአዶላ ወርቅ መውጣት ከጀመረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሻኪሶና ለገደምቢም ከእኛ ሩቅ አይደሉም። ወርቅ ባለበት ደግሞ ቤተሰቡን ትቶ የሚመጣ፣ ገንዘብ ድንገት እጁ የሚገባ፣ ማታ የሚውልበት የሌለው ወጣት አይጠፋም። ቡና ሲደርስ ደግሞ በየማጠቢያውና በየማበጠሪያው ለጥቂት ወራት ብቻ የሚቀጠሩ ብዙ ሴቶች አሉ። ከቤት ርቆ መሥራት ለኤች.አይ.ቪ. የሚያጋልጥ ኑሮ ስለሆነ፣ የመከላከሉ ሥራ ሠራተኛው ካለበት ቦታ መጀመር አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

እኔም ሶሺዮሎጂ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህንኑ ይዤ ነበር አንድ ድርጅት የገባሁት። ስሙን ልተወው። ድንኳን ተተከለ፣ መፈክር ተሰቀለ፣ ቲሸርት ታደለ፣ ለስላሳ ተከፈተ፤ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት እንሰጣለን ብለን በድምፅ ማጉያ ጠራን። ቲሸርቱን ሁሉም ወሰደ። ድንኳኑ ውስጥ የገባው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ቀኑ ሲመሽ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ጠጋ ብለው፣ «እህቴ፣ ድንኳኑን እኮ የደመወዝ መክፈያው መስኮት ፊት ለፊት ነው የተከላችሁት። ሰው ሁሉ ተሰልፎ እያየ ማን ደፍሮ ይገባል?» አሉኝ። ቦታውን የመረጥኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ሰፊ ስለሆነ ነበር የመረጥኩት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ድርጅት «ፕሮግራም እንጀምር» ሲለኝ ስለ ምርመራ ቀን አላወራም። መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ሠራተኛው ምርመራ ቢያደርግና ቫይረሱ በደሙ ቢገኝ ነገ ምን ይሆናል ብሎ ነው የሚፈራው? የሚለውን ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እንጀራዬን አጣለሁ።

ስለዚህ ሕጉ ይነገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። አሠሪው አዲስ ሠራተኛን ወይም አደገኛ ሥራ ላይ ያለን ሰው የጤና ምርመራ ሊያስደርግ ይችላል፤ ኤች.አይ.ቪ. ግን ከዚህ ውጭ ተደርጓል። የታመመ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ደመወዝ። ይህ በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ሥራ አስኪያጁ ፈርሞበት፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይለጠፍ። በአማርኛ ብቻ የለጠፍንበት ጊዜ አንብቦ የጨረሰው የቢሮው ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ገጽ የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ አስተዳደሩ፣ የሠራተኛ ማኅበሩና የሴቶች ተወካይ ይገባሉ። የሚረሱት ጊዜያዊ ሠራተኞች ናቸው። ቡና ለቃሚዋ ከወራት በኋላ ትሄዳለች ተብሎ ማንም አያስገባትም፤ ሥጋቱ የበዛው ግን እሷ ጋ ነው። የአቻ ለአቻ አወያዮችንም ሠራተኛው ራሱ ይምረጥ። አለቃ የመረጠው አወያይ ፊት ቡና ይጠጣል እንጂ ወሬ አይወጣም።

የሌላ አገር ልምድ ብንመለከት፣ የቦትስዋናው የአልማዝ ኩባንያ ዴብስዋና እ.ኤ.አ. በ2001፣ አንግሎ አሜሪካን ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በ2002 ለሠራተኞቻቸው ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በራሳቸው ወጪ ማቅረብ ጀምረዋል። በእኛ አገር መድኃኒቱ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። እንግዲህ የእኛ አሠሪ መድኃኒት ግዛ አይባልም። የሚጠየቀው ጊዜ እንዲሰጥና ምስጢር እንዲጠብቅ ነው።

ጊዜ ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቀን ሠራተኛ አውቃለሁ፤ መድኃኒት የሚወስድበት ቀን ሲደርስ የቀን ክፍያው ይቆረጥበታል፤ «የት ነበርክ?» ሲባልም የሚመልሰው የለውም። በመጨረሻ ቀጠሮውን መዝለል ጀመረ። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ሕክምናው የተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት አንዴ መውሰድ የሚችልበት አሠራር እንዳለ ግን አያውቅም ነበር። ሁለት ቀን በዓመት! ለዚህ ነው አንድ ሰው ሊሞት የነበረው። አሁን የምንመክረው፣ የሐኪም ወረቀት የዕረፍቱን ቀን ብቻ እንዲጽፍና አለቃውም ከዚያ አልፎ እንዳይጠይቅ ነው።

አንድ ፎርማን ደግሞ በቅን ልቦና፣ «ቫይረሱ ያለባቸውን ለይተን ቀለል ያለ ሥራ ብንሰጣቸውስ?» አለኝ። ልቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰውየው ሳይጠይቅ ከቦታው ሲነሳ ጓደኞቹ ለምን እንደተነሳ አያጡትም፤ ምስጢሩ ያኔ ወጣ ማለት ነው። ደግሞም መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይሠራል። በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰና በዚያው ከቆየ በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። አብሮ በመብላትና መሣሪያ በመዋዋስማ ድሮም አይተላለፍም። የቀለለ ሥራ የሚሰጠው ሰውየው ራሱ ሲጠይቅ ነው።

ምርመራውንስ የት እናድርገው? የኤች.አይ.ቪ. ክፍል የሚባል ክፍል አይኑር። የደም ግፊት የሚለካበት፣ የቤተሰብ ምጣኔ ምክር የሚሰጥበት፣ ስለ መጠጥ የሚወራበት አንድ ክፍል ይሁን፤ የገባ ሰው ለምን እንደገባ አይታወቅም። ማዕድን ቁፋሮ ላይ ከሆነ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ጉዳይ አይዘለል። የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፤ ብናኙና ኤች.አይ.ቪ. ሲገናኙ የነቀርሳው አደጋ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ድንጋዩ በውሃ እየራሰ ይቆፈር፤ ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው አክታውን ይመርመር። በሥራ ላይ የሌላ ሰው ደም ቁስሉን የነካው ካለም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ መከላከያው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነውና።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሞክር ክፍሉን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ አደረግነው፤ መፈክር አልሰቀልንም። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ሰው መጣ። አንዱ እኒያ የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። ግፊታቸውን ተለክተው ሲወጡ፣ በሩ ላይ ቆመው ወደ መክፈያው መስኮት ተመለከቱ። «ከዚያ አይታይም» አሉኝ፤ ከዚያ ተመልሰው ገቡና በሩን ዘጉት።