በአንድ ወገን የታፈነ አፍንጫ

ክረምት በገባ ቁጥር ከሐሙሲት እስከ ወረታ አፍንጫው ያልታፈነ ሰው ማግኘት ይቸግራል። ጉማራና ርብ ይሞላሉ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ይተኛል፣ ሩዝ ሲያርም የዋለ ገበሬም ማታ በኩበት ጭስ ሲታጠን ያመሻል። ስለዚህ አፍንጫ ሲዘጋ «ብርድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ብዙውን ጊዜም ብርድ ነው፤ በሳምንት፣ ቢበዛ በዐሥር ቀን ይለቃል። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ቢጠጣም ባይጠጣም ቀኑ ያው ነው፤ ዳማ ከሴ ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ። ጉዳት የሚመጣው ብርድ ያልሆነው ነገር በብርድ ስም ወራት ሲከርም ነው።

ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ታማሚ ቶሎ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «በአንድ ወገን ነው በሁለቱም?» የሚል ነው። ጉንፋን፣ አለርጂና ጭስ ወገን አይለዩም፤ ሁለቱንም ቀዳዳ ያፍናሉ። በርግጥ ጤነኛ አፍንጫም ተራ ይይዛል። በግድግዳው ላይ ያሉት ሥጋማ እጥፋቶች በየጥቂት ሰዓቱ እየተፈራረቁ ስለሚያብጡ አንዱ ሲጠብ ሌላው ይከፈታል፤ በጎን ሲተኙ የታችኛው ቀዳዳ መታፈኑም ከዚሁ ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ሁልጊዜ ግራው ብቻ፣ ወይም ሁልጊዜ ቀኙ ብቻ ከተዘጋ ግን እዚያ ወገን ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በእኛ አገር ያ ነገር አንዳንዴ ነፍስ ያለው ነው። ከምንጭ ወይም ከኩሬ ተደፍቶ የጠጣ እረኛ ክር የምታህል ለጋ አልቅት አብሮ ሊጠጣ ይችላል። ይህች የአልቅት ዓይነት ጠንካራ ቆዳ መብሳት አይሆንላትም፤ የምትፈልገው የአፍንጫና የጉሮሮን ስስ ሥጋ ነው። እዚያ ተጣብቃ ቀናትና ሳምንታት ደም እየመጠጠች ትወፍራለች። ምራቋ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከአንድ ቀዳዳ ጠብ ጠብ የሚል፣ ቆመ ሲሉት የሚመለስ ነስር ይመጣል። ታማሚው «የሚላወስ ነገር አለ» ይላል፤ ፊቱን ወደ ውኃ ሲያስጠጋ ብቅ ብላ የምትመለስበትም ጊዜ አለ። ገበሬው ነገሩን ከከብቶቹ ያውቀዋል፤ ለበሬ ትምባሆ ይበጠብጣል። ያንኑ ትምባሆ ለልጅ አፍንጫ መጨመር ግን ልጁን መመረዝ ነው። በጣት መጎተትም አይበጅም፤ አልቅት ትሙለጨለጫለች፣ ተበጥሳ ግማሿ ሊቀር፣ ወይም ለቅቃ ወደ አየር ቧንቧ ልትወርድ ትችላለች። ሐኪም ማደንዘዣ ይረጭና ስትልፈሰፈስ በጉጠት ይይዛታል። ብዙ ደም የፈሰሰው ልጅ ዐይኑና ከንፈሩ ከገረጣ የደም መጠኑ መለካት አለበት።

ሁለተኛው የአንድ ወገን ጉዳይ የሕፃናት ነው። ፎገራ ላይ ሩዙ ሊነሳ ሲል በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል፤ ጓያና ሽምብራ ደግሞ ለትንሽ ልጅ አፍንጫ ልክ ናቸው። ጥሬው እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በቀናት ውስጥም ከዚያው ቀዳዳ ብቻ የሚከረፋ ንፍጥ ይወርዳል። እናትየው ጤና ጣቢያ ስትደርስ «ብርድ መስሎኝ ፌጦ ቀባሁት» ትላለች፤ ሽታውን ግን ከማንም ቀድማ ያስተዋለችው እሷው ናት። የገባው የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ከሆነ ነገ አይባልም፤ በሰዓታት ውስጥ የአፍንጫውን የመሐል ግድግዳ ይበላል።

የመሐል ግድግዳ መጣመምና በተለምዶ «ሥጋ በቀለብኝ» የሚባለው ፖሊፕ የታወቁ ናቸው፤ አይገድሉም፣ ጊዜ ይሰጣሉ። ፖሊፕ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ወገን ስለሚወጣ በአንድ ወገን ብቻ የታየ «ሥጋ» ተቆርጦ መመርመር ይኖርበታል። በጉርምስና ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ አንድ ወገን ታፍኖበት በብዛት ከነሰረው ደም ሥር የበዛበት እጢ ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይነካካው፤ በቀጥታ ወደ ስፔሻሊስት። በጎልማሳ ላይ አንገት ላይ እብጠት ወይም የአንድ ጆሮ መደፈን ከተጨመረ ካንሰርም ይጠረጠራል። በጋይንት ደጋ የሚታወቀው የቆዳ በሽታ ቁንጭርም ወደ አፍንጫ ውስጥ ሲዘልቅ ያፍናል፣ ያደማል።

ሁለቱም ወገን ከታፈነ ትዕግሥት ይፈቀዳል፤ ገደቡ 12 ሳምንት ነው። ከዚያ ያለፈ መታፈን፣ በተለይ ፊት ላይ ጫና ካለ ወይም ቤት ውስጥ የሚቆላ ቡና ሽታው ካልመጣ፣ በ«ሳይነስ አለብኝ» የሚታለፍ አይደለም። ከፋርማሲ የሚገዛው አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ከአምስት ቀን በላይ ከተወሰደ ራሱ መልሶ ያፍናል፤ ሰውየው ደግሞ ጠብታውን ይጨምራል። በባሕር ዛፍ ቅጠል የሚታጠኑት ከእሱ ይሻላሉ፤ ልጅ በፈላው ውኃ እንዳይቃጠል ይጠንቀቁ እንጂ።

አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ ቆም የሚል ልጅ ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ አብጦበት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወስዱ አሁንም አሉ። እንጥል መቁረጥ አዴኖይዱን አይነካውም፤ ሊያተርፍ የሚችለው ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ነው። በዚህ ጉዳይ «ባህል ነው» የሚለውን ክርክር አልቀበልም።

ሌሊትም ቢሆን የሚያስኬዱ አሉ። ከታፈነ አፍንጫ ጋር ዐይን ማበጥ ወይም እይታ መደራረብ፤ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከአንድ ቀዳዳ የሚወርድ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ፤ ጡት ሲጠባ የሚጠቁር፣ ሲያለቅስ የሚቀላ አራስ። አፍንጫው ተመትቶ በማግስቱ ሁለቱም ወገን የተደፈነበት ሰውም ውስጥ የቋጠረው ደም ቶሎ ካልወጣለት ለስላሳው አጥንት ሞቶ አፍንጫው ይሰረጉዳል።

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ፎገራ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ስለነበር ሪፈር ሳይዙ መሄድ ከኪስ እንደሚያስከፍል እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ያውቃል። ከሐሙሲት ባሕር ዳር ይቀርባል፤ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች እዚያ ናቸው፣ ከወረታ በላይ ላለው ደግሞ ጎንደር አለ። ሪፈሩን ለሚጽፈው ባለሙያ የትኛው ወገን እንደታፈነ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ደም ወይም ሽታ እንዳለው፣ የትኛው ጠብታ ስንት ቀን እንደተወሰደ መንገር ነው። ስፔሻሊስቱ ጫፉ ላይ ብርሃን ባለው ቀጭን ቱቦ እስከ አፍንጫው ጀርባ ያያል፤ ካስፈለገ ሲቲ ስካን ያዛል። ቱቦው ሲገባ ያስነጥሳል፣ ዐይን ያስለቅሳል፤ ነገሩ በደቂቃዎች ያልቃል።