ከደጃችን የጣልነው ወዴት ይደርሳል?

ትናንት ከየቤታችሁ ያወጣችሁት ቆሻሻ ዛሬ የት እንዳለ ብትጠየቁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን «ጣልነው» ብለን ነገሩን እዚያው እንዘጋዋለን። ነገር ግን «ጣልነው» የሚለው ቃል እጃችን ባዶ የሆነበትን ሰዓት ብቻ ይናገራል እንጂ የተጣለው ነገር ከዚያ ወዲያ የት እንደ ደረሰ አይነግረንም። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኜ፥ ሌላውን የማስተምር ሰው ስሆን፥ ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅሁት ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት፥ እስከ ጉልበቴ በጎርፍ ውስጥ ቆሜ ነው። ታሪኩ የሚያስመሰግነኝ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ለሌላው ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ እነሆ እጽፈዋለሁ።

በቀይ ቀለም የተጻፈ ምስክር

የምኖረው በአዲስ አበባ ከተማ፥ ቁልቁለት በበዛበት አንድ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው። ከግቢያችን አጥር ሥር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ያልፋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፥ እንጀራ ጋግረው ለሱቅና ለምግብ ቤት በማስረከብ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ይኖራሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል።

በዚያ ሌሊት ዝናቡ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ጣለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ የድረሱልኝ ጩኸት ሰምተን ከያለንበት ስንወጣ፥ ውኃው ቦዩን ትቶ በእማማ ደጃፍ ይገባል። ሊጥ የያዙት ሁለት ባልዲዎች ተገልብጠዋል፤ ከመሬት ተቀምጦ የነበረው ግማሽ ኩንታል የጤፍ ዱቄት ከታች ጀምሮ ርሶ ጭቃ ሆኗል፤ ልጆቹም አልጋ ላይ ወጥተው ያለቅሳሉ። ባለጸጋ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳት ይሆናል፤ ለእማማ ግን የሳምንቱ ሥራ፥ የደንበኛ እምነትና የቤት ኪራይ ነበር።

አካፋና ዶማ ይዘን ቦዩ ከመንገዱ ሥር ወደሚያልፍበት ቱቦ ሄድን። የቱቦው አፍ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል። እየጎተትን ስናወጣው ፌስታል፥ የውኃ ፕላስቲክ፥ የጫት ገረባ፥ የተቀደደ ጫማና የዶሮ ላባ ወጣ። በመጨረሻም አንድ የታሰረ ጥቁር ፌስታል ስስብ በእጄ ላይ ተቀደደና ከውስጡ ወረቀት ተዘረገፈ። ባትሪ አብርቼ ባየው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ነው፤ ያውም በራሴ እጅ በቀይ ቀለም የታረመ!

ነገሩ ትዝ አለኝ። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በሚመጡበት ቀን አርፍጄ ስለ ተነሣሁ አምልጠውኝ ነበር። «እስከሚቀጥለው ሳምንት ከቤት ውስጥ አይቀመጥም» ብዬ ፌስታሉን በምሽት ከመንገድ ዳር፥ ከስልክ እንጨት ሥር አስቀመጥሁት። እኔ ረሳሁት፤ ዝናቡ ግን አልረሳውም።

እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩን ቀለም ግን አዩት። «ልጄ፥ ይህ የማን ነው?» አሉኝ። «የእኔ ነው፥ እማማ» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲያስ አካፋውን አጥብቀህ ያዝ፤ ገና አላለቀም» አሉኝ። በትምህርት ቤትም በኮሌጅም ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልሰማሁም። በማግሥቱ ጎረቤቱ ለዱቄቱ መተኪያ ገንዘብ ሲያዋጣ የእኔ ድርሻ ከፍ ያለበትን ምክንያት ከእማማና ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም።

የሃምሳ ሰው ሸክም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት ስለ መተባበር ነው። ለጥፋትም ቢሆን ሂሳቡ ይኸው ነው። ያን ቱቦ አንድ ሰው ብቻውን ሊደፍነው ባልቻለ ነበር፤ ሁላችንም አንዳንድ ፌስታል ስናዋጣ ግን ግድብ ሆነ። የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው፤ ሸክሙ ለሃምሳ ስለ ተካፈለ ማንም አይሰማውም፤ ሲጠራቀም ግን የሚወድቀው በአንድ ሰው ቤት ላይ ነው። ያ ሰውም ብዙውን ጊዜ ከታች የሚኖረው ነው።

ቱቦው ባይደፈን ኖሮ የእኔ ጥፋት ባልታወቀ ነበር፤ ጥፋትነቱ ግን አይቀርም። የአዲስ አበባ ወንዞች በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃልለው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ ይወርዳሉ። በከተማው ውስጥና በዳርቻው ያሉ አትክልተኞች ይህንኑ ውኃ እየጠለፉ ጎመን፥ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣሉ። ምሁራን አትክልቱን መርምረው እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ ጤና የሚጎዱ ብረቶችን አግኝተውበታል። እንግዲህ ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ትልቁን ድርሻ ቢይዝም፥ ከጋራዥ የፈሰሰው ዘይትና ከየቤቱ የተጣለው ባትሪ ተጨምሮበት፥ ላይ ሰፈር የጣልነው በዘንቢል ሆኖ ወደ ማዕዳችን ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

በሥርዓት የተሰበሰበውም ቢሆን ከዓለም አይጠፋም። ቆሼ እየተባለ የሚጠራው በረጲ የሚገኘው ስፍራ ከ50 ዓመት በላይ የከተማውን ቆሻሻ ሲቀበል ኖረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ ክምሩ ተንዶ በአጠገቡ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ የ3 ቀን ብሔራዊ ኀዘንም ታወጀ። ያን ተራራ የሠራው ማን ነው? አንድ ሰው አይደለም። የእኔ ልጣጭ፥ የእናንተ ፌስታል፥ የጎረቤቴ አሮጌ ጫማ ነው። የእማማን ቤት የመታው ጎርፍና የቆሼው ናዳ በመጠን እጅግ ይራራቃሉ፤ በምክንያታቸው ግን ወንድማማቾች ናቸው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ትምህርት ይመስላቸዋል። እኔ ግን የእናቶቻችን ቤት ከእኛ ቤት ይልቅ የተማረ እንደ ነበር አምናለሁ። ያደረው እንጀራ ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ይሆናል፤ የጠላው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ አመዱ ዕቃ ይፈትጋል፤ ገበያ የሚኬደው ዘንቢል ተይዞ፥ ስንቅ የሚቋጠረው በአገልግል ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮው ምድጃ፥ ያረጀው ጎማ በረባሶ ሲሆን ማየት ለዚህ ሕያው ምስክር ነው። እኛ የጎደለን ዕውቀት አይደለም፤ ልማዱን ነው። ስለዚህ ለማስታወስ ያህል ጥቂት ነገሮችን ልዘርዝር።

አንደኛ፥ ቆሻሻውን ከምንጩ እንለይ። በአዲስ አበባ ከየቤቱ ከሚወጣው ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው። የሚበሰብሰው ለብቻ፥ ጠርሙስ፥ ቆርቆሮ፥ ፕላስቲክና ወረቀት ለብቻ ይቀመጥ። ሁለተኛውን ክፍል ቁራሌው ይገዛዋል፤ ወይም ለሰብሳቢዎቹ ማኅበር ሲሰጥ ለእነርሱ ተጨማሪ እንጀራ ይሆናል። የተሰበረ ብርጭቆና ምላጭ በወረቀት ተጠቅልሎ ይውጣ፤ በባዶ እጃቸው የሚያነሡት ሰዎች አሉና።

ሁለተኛ፥ ግቢ ያለው ሰው ልጣጩን ማዳበሪያ ያድርገው። ከጥግ በኩል ጥላ ያለበት፥ ርዝመቱም ወርዱም 1 ሜትር ያህል የሆነ ስፍራ ይበቃል። ከሥሩ ጭራሮ ይነጠፍ፤ በላዩ የጎመንና የድንች ልጣጭ፥ ቀጥሎ ደረቅ ቅጠል ወይም ሣር፥ ቀጥሎ ስስ አፈር እየተደረበ ይቀመጥ። እርጥበቱ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ይሁን፤ በክረምት ዝናብ እንዳይገባው ይከደን። በየ2 ሳምንቱ ቢገላበጥ ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ጥቁር አፈር ይሆናል፤ ጎመኑም ጽጌረዳውም ያመሰግናል። ሥጋ፥ አጥንትና ቅባት ግን አይግባበት፤ አይጥና ውሻ ይጠራል። ግቢ የሌለው ሰው በተበሳ ባልዲ መሞከር ይችላል።

ሦስተኛ፥ ፌስታልና ፕላስቲክ ከቶ አይቃጠል። ከሰል ቶሎ እንዲያያዝ ፌስታል የሚያቀጣጥሉ ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ፕላስቲክ በእንዲህ ያለ እሳት ሲነድ ዳዮክሲንን የመሰሉ መርዞች ሊፈጠሩ ይችላሉ፤ ጭሱንም ቀድማ የምትስበው ምድጃው አጠገብ የተቀመጠችው እናትና ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

አራተኛ፥ ሰብሳቢው ያመለጠን ቀን ቆሻሻው ከቤት ይደር። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከተቀመጠ ሳምንት ቢቆይ አይገድልም። ይህን ምክር የምሰጠው ዋጋውን ከፍዬ ነው።

ባለሱቁ፥ ሥጋ ቤቱና ጋራዡ

ትንሽ ንግድ ያለው ሰው «የእኔ ድርሻ ምን ያህል ነው?» ይል ይሆናል። እስቲ እንደ መምህር ሂሳብ ልሥራ። አንድ ሱቅ በቀን 60 ፌስታል ይሰጣል እንበል። በዓመት 360 ቀን ቢሠራ 21,600 ፌስታል ይሆናል። ይህም ከአንድ ሱቅ ብቻ ነው። ባለሱቁ ሳይጠየቅ ከመስጠት ይልቅ «መያዣ ይዘዋል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ለረሳ ደንበኛም በዋስትና የሚመለስ ዘንቢል ቢያኖር፥ ወጪውን ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም። ሥጋ ቤቱም ደንበኛው ክዳን ያለው ሳህን ይዞ ሲመጣ በደስታ ሊቀበለው ይገባል። ሥጋ ሻጩ ከማንም ይልቅ ነገሩን ያውቃል፤ በየመንደሩ የሚሰማሩት በጎችና ላሞች ጨውና ቅባት የነካውን ፌስታል እየዋጡ፥ ሲታረዱ ከሆዳቸው ተቋጥሮ እንደሚወጣ ዐይቷልና።

ምግብ ቤቶች የጠበሱበትን ዘይት ወደ ማጠቢያው ገንዳ ባያፈስሱ መልካም ነው፤ ቅባቱ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ቱቦውን ይደፍናል። ቡና ለሚያፈሉ እኅቶቻችን ደግሞ አተላው ከማዳበሪያው ጉድጓድ የሚገባ ጥሩ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ጋራዥ ነው። 1 ሊትር የተቃጠለ ዘይት እስከ 1 ሚሊዮን ሊትር ውኃ ሊበክል እንደሚችል ይነገራል። የጋራዥ ባለቤት አንድ በርሜል አቁሞ የተቃጠለውን ዘይት ቢያጠራቅም፥ የሚገዛው ሰው አያጣም። የሞተ የመኪና ባትሪም ውስጡ እርሳስና አሲድ ስለ ሆነ ተሰብሮ ከቦይ አይፈስስም፤ እንዳለ ለገዢ ይሰጣል።

ሕግም ቢሆን ዝም አላለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታል ለማምረትም ሆነ ለማስገባት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ አምራችንና ሻጭን ብቻ ሳይሆን ተጠቃሚውንም የሚያስቀጣ ሆኗል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁለት አዋጆች መካከል 18 ዓመት አልፏል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ፌስታሉ ከእጃችን አልወጣም። ሕግ መንገዱን ያሳያል እንጂ ዘንቢሉን አይሸከምልንም።

«የአስተዳደሩ ሥራ ነው» ለሚሉ

አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው፥ «ግብር እንከፍላለን፤ ቱቦ መጥረግ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው፤ ወንዙንም የሚመርዘው ፋብሪካው ነው» ይሉኛል። እውነት አላቸው። አስተዳደሩ ቱቦውን በጊዜው ያላስጠረገ እንደ ሆነ፥ ፋብሪካውም ፍሳሹን ሳያጣራ የለቀቀ እንደ ሆነ መጠየቅ አለባቸው፤ ድምፃችንንም ልናሰማ ይገባናል። ነገር ግን ጠያቂ ለመሆን የራስ እጅ ንጹሕ ቢሆን ይሻላል። እኔ በዚያ ሌሊት አስተዳደሩን ለመውቀስ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የከፈትሁትን አፍ የዘጋው የራሴ ቀይ ቀለም ነው።

በሰፈራችን አሁን እያንዳንዱ ግቢ በወር አንድ ቅዳሜ ከአጥሩ ሥር ያለውን የቦይ ክፍል ይጠርጋል። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ትልቅ ነገር ሠራን አንልም፤ ባለፈው ግንቦት ስንጀምር ከ20 ግቢ የመጡት 7 ብቻ ነበሩ። እማማ ግን ዱቄታቸውን አሁንም ከፍ ካለ ቆጥ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። «አመናችሁን እንዴ?» ብዬ ስጠይቃቸው፥ «እናንተን አምናለሁ፥ ልጄ፤ ከላይ ያሉትን ግን ገና አላወቅኋቸውም» አሉኝ።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ሁላችንም ለአንድ ሰው ከላይ ነን፤ ለሌላው ደግሞ ከታች። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት ወጣ ብለን በደጃችን ያለውን ቦይ እንመልከት። ምናልባት እንደ እኔ የገዛ ጽሕፈታችንን እናገኝበት ይሆናል።